የሃምሳ አለቃ ወርቁ ውሾች

ባለፈው ሳምንት ዱከም አንድ መጋዘን በር ላይ ሰው ስጠብቅ፣ ዘበኛው የውሻውን ቤት በበረኪና ሲያጥብ ሽታው መጣብኝ። በረኪና ብቻውን ምንም አይለኝም፤ ቤቴም አለ። ከእርጥብ ጆንያና ከተቀቀለ ሳንባ ጋር ሲደባለቅ ግን ሌላ ነው። አጥሩን ተደግፌ ቆምኩ። ዘበኛው አሞኝ እንደሆነ ጠይቆ ውሃ ሊያመጣልኝ ፈለገ። ደህና ነኝ አልኩት። ደህና አልነበርኩም፤ የአሥር ዓመት ልጅ ሆኜ አዳማ፣ አባባ ግቢ ውስጥ ነበርኩ።

ያን ዓመት እናቴ ዱከም ፋብሪካ ተቀጥራ ከሌሎች ሴቶች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖር ስለነበር እኔን አባቷ ዘንድ አስቀመጠችኝ። አባባ ጡረታ የወጡ ፖሊስ ናቸው፤ ሰፈሩ ሃምሳ አለቃ ወርቁ ይላቸዋል። በሥራ ዘመናቸው ውሻ ያሠለጥኑ ስለነበር ጡረታ ሲወጡም ሥራቸው ውሻ ሆነ። ለእህል መጋዘንና ለፋብሪካ የሚሆን ዘበኛ ውሻ ያራባሉ። ከቤቱ ጀርባ በቆርቆሮና በሽቦ የተሠሩ የውሻ ቤቶች ነበሩ፤ የአዳማ ነፋስ ተነስቶ ቆርቆሮው ሲያፏጭ ውሾቹም አብረው ያላዝናሉ። ቤቱ ውስጥ የምንኖረው ሦስታችን ነበርን፤ አባባ፣ እኔ፣ የእናቴ ታናሽ እህት ሂሩት።

ሂሩት ጠዋት መናኸሪያው አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት ትሠራለች፤ ከሰዓት በኋላ ከቄራ የመጣውን ሳንባ በበቆሎ ዱቄት ቀቅላ ውሾቹን ታበላለች፣ ሲሚንቶውን በበረኪና ታጥባለች። ረጅም ናት፤ ቀልደኛ ናት፤ እኔ እትዬ እላታለሁ። ያን ዓመት ከእናቴ አብልጬ እወዳት ነበር፤ እማዬ ይህን ካነበበች ይቅር ትበለኝ።

ዋናው ወንድ ውሻ ሻምበል ይባላል። አባባ ራሳቸው ያላገኙትን ማዕረግ ለውሻ ሰጥተው ጠዋት ጠዋት "ሻምበል ተቀመጥ! ሻምበል ተነስ!" ሲሉት፣ ሂሩት ከማድ ቤት ብቅ ብላ "ሃምሳ አለቃ ሻምበልን ሲያዝዝ አየሽ?" ትለኛለች። ሻምበል አንድ ጆሮ የለውም፤ አንድ የኋላ እግሩንም ያነክሳል። ሴት ውሻውን ለማዳቀል ከሞጆ ወይም ከባቱ የመጣ ሰው ሻምበልን ሲያይ ፊቱ ይጠቁራል። አባባ ይህን ጊዜ ይወዱታል። ጉሮሯቸውን ጠርገው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ንግግር ያደርጋሉ፤ እኔም በቃሌ አውቀዋለሁ።

"መጀመሪያ ነውሩን ልንገርህ። ጆሮውን የቆረጠው ሽቦ ነው። እግሩን የሰበረው ባጃጅ ነው። ይህ ጠባሳ ነው፤ ጠባሳ አይወረስም። ከእናቱ ሆድ ይዞት የመጣ ነውር ቢኖርበት ግን እዚህ ግቢ አያድርም ነበር። እኔ ዛሬ የደበቅኩት ነውር ነገ አራት እግር አውጥቶ ደጄ ይመጣል።"

ሰዎች ይህን ሰምተው ነው የሚያምኗቸው። ከዱከም እስከ አርሲ ነገሌ ድረስ ሃምሳ አለቃ ወርቁ ነውር አይደብቁም ይባል ነበር። እኔም ትምህርት ቤት በእሳቸው እኮራ ነበር፤ የሌሎቹ አያቶች ምን ሠርተዋል?

አባባ ለዘር ውሻ ሲመርጡ መልክ አያዩም። ፀጉሩ የሚያብረቀርቅ ውሻ ጎትቶ የመጣን ሰው "ቆንጆ ነው፤ ፎቶ አንሳው" ብለው ይመልሱታል። እሳቸው የሚፈልጉት ሁለት ዓመት ያለፈውና ሥራ ላይ የዋለ ውሻ ነው። ቡችላ ሁሉ ደግ ነው፣ ጠባዩም በሽታውም ሲያድግ ነው የሚወጣው ይላሉ። ስለዚህ ውሻው የሚጠብቅበት ቦታ ድረስ ሄደው ያዩታል። ለነፋስ ሁሉ ይጮኻል ወይስ ለይቶ? ጌታው ሲሄድ ይተኛል? ሕፃን ሲያይስ ምን ያደርጋል? ከዚያ ጥርሱን ይገልጣሉ፣ የኋላ እግሩን ይዘረጋሉ፣ ሲሮጥ ከጎን ያዩታል። በመጨረሻም ሰው ሁሉ የሚረሳውን ይጠይቃሉ፤ ወንድሞቹና እህቶቹ የት ናቸው? እነሱስ እንዴት ናቸው? አንድ ውሻ ሊያታልልህ ይችላል፣ ወንድማማች ሁሉ ተማክሮ ግን አያታልልህም ይላሉ።

ቡችሎች መሮጥ ሲጀምሩ የመጀመሪያው ፈተና የኔም ሥራ ነበር። አንድ በአንድ እየታቀፍኩ ጎረቤት ያለው ባዶ ግቢ እወስዳቸዋለሁ፤ ያላዩት ቦታ መሆን አለበት። መሬት ሳስቀምጣቸው አባባ ከኋላ የድስት ክዳን ሲሚንቶ ላይ ይጥላሉ። ሮጦ የሚደበቅ አለ፤ ከናካቴው የማይሰማ የሚመስል አለ። አባባ የሚፈልጉት ግን ዘሎ ሸሽቶ፣ ቆም ብሎ፣ ተመልሶ ክዳኑን የሚያሸትተውን ነው። መደንገጥ ነውር አይደለም፣ ደንግጦ መቅረት ነው ነውሩ ይሉ ነበር። ቤት ስንገባ ሂሩትን ለምኜ ከኋላዬ ክዳን አስጥላታለሁ። ዘልዬ ሸሽቼ፣ ቆም ብዬ፣ ተመልሼ ክዳኑን አሸትታለሁ። ሂሩት ጥርሴን ገልጣ አይታ "ተመርጠሻል" ስትለኝ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ እውላለሁ።

ያደጉት ውሾች ሲፈተኑ ግን እኔ አልፈለግም ነበር። አንድ ጎረምሳ ክንዱን በጆንያ ጠቅልሎ እንደ ሌባ ይመጣል፤ ለኔ ከቧንቧው አጠገብ ካለው ድንጋይ ማለፍ ክልክል ነው። አንድ ቀን ኳሴን ላመጣ አለፍኩ። አባባ ክንዴን ይዘው፣ እግሬ መሬት ሳይነካ ቤት አስገብተው በሩን ዘጉብኝ። ከመዝጋታቸው በፊት ራሴን በእጃቸው ዳብሰው አዩ። ፈተናውን ስላበላሸሁባቸው የተናደዱ መሰለኝ። እንደ ሽንት ቤት ዝንብ ቆጠሩኝ ብዬ አለቀስኩ።

አንድ እሁድ የሂሩትን ሹሩባ ስፈታላት ከራሷ ኋላ፣ ፀጉሯ ሥር፣ ጣት የሚያህል ፀጉር የማይበቅልበት መስመር አገኘሁ። ምንድን ነው አልኳት። እንደ ቀላል ነገር ነገረችኝ። ከኔ ታንስ በነበረ ጊዜ አባባ አንድ ትልቅ ውሻ የማያውቀው ሰው ሲመጣበት የሚያደርገውን ማየት ፈለጉ። ውሻው ለይቶ እንዳያውቃት ጋቢ አከናነቧትና ወደ እሱ ሂጂ አሏት። ሄደች። ውሻው ዘሎ ጣላት፣ ራሷም የሲሚንቶውን ጠርዝ መታ። ከዚያ ወዲህ አልፎ አልፎ ራሷን ያማታል።

"ውሻውስ?" አልኳት።

"ውሻው ተመረጠ" አለችኝ።

እኔ የገባኝ ሂሩት ሳትመረጥ መቅረቷ ብቻ ነበር፤ አዘንኩላት።

ራስ ምታቷን አውቀዋለሁ። ስኳር ጣሳ ውስጥ የምትደብቀውን ነጭ ኪኒን ትውጣለች። ከስንት አንዴ ደግሞ አባባ "እትዬሽን ራሷን አሟታል፣ ውጪ ተጫወቺ" ብለው በሩን ይዘጋሉ። ከውስጥ ተረከዝ ወለሉን ሲመታ ይሰማኛል። ራስ ምታት ሲብስ ሰው መሬት የሚረግጥ ይመስለኝ ነበር።

ዳንኤል የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። ቤተሰቦቹ አርሲ ነገሌ እህል ይነግዳሉ፤ እሱ አዳማ ይሠራል። በየቀኑ አንድ ገጽ ብቻ ይዞ ኮፒ ሊያስደርግ የሚመጣ ሰው ምን እንደሚፈልግ ለማወቅ ፖሊስ መሆን አያስፈልግም። ሂሩት ስታገኘው ለሰው ዓይን እኔን ታስከትለኛለች፤ ለኔ የአቮካዶ ጁስ ይታዘዛል። አንድ ቀን ጁስ ቤቱ ውስጥ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስለ ራስ ምታቷ ነገረችው። እጁን ይዛም ከፀጉሯ ሥር አስነካችው። እጁን ቶሎ አላነሳም። ከዚያ ቀን በኋላ ወደድኩት፤ ከዚያ በፊት የወደድኩት ጁሱን ነበር።

ሽማግሌ ሊልክ ነው በተባለ ጊዜ ሂሩት ምሳ ላይ አባባን ለመነቻቸው። እኔ ገበታው ላይ ነበርኩ። በእኛ አገር ሽማግሌ ሲመጣ እስከ ሰባት ቤት ዘር ይቆጠራል፤ ዝምድና አለመኖሩ ከታወቀ በኋላ ደግሞ በዘሩ ስላለ በሽታ ይጠየቃል።

"ዳንኤል ያውቃል" አለቻቸው። "ሽማግሌዎቹ ከጠየቁዎት የሆነውን ብቻ ይንገሩልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።"

አባባ እጃቸውን ታጥበው ጨርሰው "እኔ መቼ ነውር ደብቄ አውቃለሁ?" አሉ። ሂሩት ጉልበታቸውን ሳመች።

ሽማግሌዎቹ ከመምጣታቸው በፊት ቆቃ አንድ የሽንኩርት መጋዘን የሚጠብቁ ኦቦ ገመቹ የሚባሉ ሰውዬ ደወሉ። ከአባባ የተገዛው አንበሳ የሚባለው ውሻ ይወድቃል አሉ። አንበሳ የሸጋ ልጅ ነው፤ አባቱ ግን ሻምበል አይደለም። ሸጋ ደግሞ የአባባ ምርጥ ሴት ውሻ ናት፤ በዚያን ሰዓት ከሻምበል የወለደቻቸው ስድስት ቡችሎች ግቢያችንን ሞልተውታል። ክዳን የጣልንባቸው እነሱ ናቸው። አባባ ወዲያው ሚኒባስ ተሳፈሩ፤ ትምህርት ስላልነበረ እኔንም ይዘውኝ ሄዱ። መንገድ ዳር ዓሣ በገመድ አንጠልጥለው የሚሸጡትን ልጆች እያየሁ ሽርሽር የሄድን መስሎኝ ነበር።

ኦቦ ገመቹ "አካም ጅርቱ፣ ሃምሳ አለቃ" ብለው ተቀበሉን። አባባ ውሻውን ከመንካታቸው በፊት ጥያቄ ጀመሩ። ራሱን የመታው ሰው አለ? ከብት ረግጦታል? መርዝ በልቶ ያውቃል? የሽንኩርት መድኃኒት አጠገብ ታስሮ ነበር? ኦቦ ገመቹ ሁሉንም የለም አሉ፤ እንደ ልጄ ነው የያዝኩት ብለው ማሉ። ገና ሲምሉ አንበሳ ቆሞ አንድ ቦታ አፈጠጠ፣ አገጩ ተንቀጠቀጠ፣ በጎኑ ወደቀ። አፉ አረፋ ሞላ። አራት እግሩ እየቀዘፈ ጥፍሮቹ ወለሉን መቱ።

ያን ድምፅ አወቅሁት። የተዘጋው በር ኋላ የነበረው ድምፅ ነው።

ሚኒባስ ውስጥ ለአባባ እትዬ ራሷን ሲያማት እንዲህ ነው የሚሰማው አልኳቸው። የሰውና የውሻ አንድ አይደለም አሉኝ። ከዚያ በኋላ አዳማ እስክንገባ ከመስኮቱ ዞር አላሉም።

ቤት እንደደረስን የአንበሳ ወንድም ወዳለበት ወደ ዱከም ደወሉ። ያኛውም ከመስቀል ወዲህ መውደቅ ጀምሯል፤ ሰዎቹ ዝም ያሉት ምግብ ያነሰው መስሏቸው ነው። አባባ ስልኩን ዘግተው ተቀመጡ። "አንድ ቢሆን ጠባሳ ነው እል ነበር፤ ሁለት ወንድማማች ከሆነ ደም ነው" አሉ። ከሸጋ ቡችላ ለመውሰድ የተመዘገቡትን ሰዎች አንድ በአንድ እየደወሉ በዘሯ የሚጥል በሽታ እንዳለ ነገሯቸው። አንዱ ደግሞ ሳይነግሩኝ ቢሸጡልኝ ኖሮ አላውቅም ነበር አላቸው መሰለኝ፣ አባባ "እኔ አውቅ ነበር" ብለው ዘጉበት።

ሂሩት ቡችሎቹን ተኮላሽተው ለየሰዉ ቤት ይሰጡ ብላ ለመነች። አባባ ሰው አይሰማም፣ አንዱን ሳያኮላሽ ያራባዋል፣ ከዚያ ማን ይሰበስበዋል አሉ። የከብት ሐኪሙ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ቦርሳውን ይዞ መጣ። እኔን ቤት አስገቡኝ፤ ግን መስኮት የሚባል ነገር አለ። ክዳኑን ተመልሳ ያሸተተችው ጥቁሯ ቡችላ ሐኪሙን ስታይ ጭራዋን እየቆላች ራሷ ሄደችለት። ስድስቱም መርፌ ተወግተው አንድ ጆንያ ውስጥ ገቡ። ሸጋ ጆንያው ያረፈበትን ሲሚንቶ ስታሸትት አመሸች። ሂሩት በረኪና ስታፈስበትም አልሄደችም፤ እርጥቡ ላይ ተኛች።

እኔም የፈራሁትን ሂሩትን ጠየቅኋት። ሐኪሙ ለአንቺም ይመጣል ወይ አልኳት። መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ እንባዋ መጣ። መጥረጊያዋን ጥላ አጠገቤ ተቀመጠችና ራሳቸው አባባ ያስተማሩሽን ቁጠሪ አለችኝ። እናትሽ ትወድቃለች? አትወድቅም። አጎቶችሽ ይወድቃሉ? አይወድቁም። አንቺስ? አልወድቅም አልኳት።

"እኔ ጠባሳ ነኝ እንጂ ደም አይደለሁም" አለችኝ።

ሽማግሌዎቹ እሁድ መጡ፤ ሦስት ናቸው፣ ነጫጭ ጋቢ ለብሰዋል። እንዳይጮኹ ውሾቹ ሁሉ ጠዋት ሥጋ በልተው ተዘግቶባቸዋል። እኔ እጅ አስታጠብኩ። ከዚያ ሂሩት ከመጋረጃው ኋላ ወዳለችበት ገባሁ። ውሃ ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ ቆማለች፤ እጇን ትከሻዬ ላይ አደረገች። ዘር ተቆጠረ፤ አባባ የራሳቸውን፣ እነሱም የአርሲውን ቆጠሩ። የትም አይገናኝም። ሁሉም እፎይ አሉ፤ ሳቅም ተሰማ። ከዚያ ትልቁ ሽማግሌ ይቅርታ ጠይቀው ጀመሩ።

"ሃምሳ አለቃ፣ የእርስዎን ቃል አገር ያምነዋል። ልጅቷ አልፎ አልፎ ትወድቃለች ሲባል ሰምተናል። በአደጋ የመጣ ከሆነ ለኛ ምንም አይደለም፤ ማን ከአደጋ ያመልጣል? ከዘር የመጣ ነው ወይስ የደረሰባት ነገር አለ?"

አባባ ራሳቸው ቆቃ ላይ የጠየቁት ጥያቄ ነው። መልሱን እኔ እንኳ አውቀዋለሁ፤ ልናገር ምንም አልቀረኝም። በመጋረጃው ቀዳዳ አባባ እጃቸውን ሲያዩ አየሁ። ቀጥሎ የሚመጣውንም ጥያቄ ሳያውቁት አይቀሩም። የደረሰባት ነገር ምንድን ነው? ውሻው የማን ነው? ሕፃኗን ሂጂ ያላት ማን ነው?

"ከዘር ነው" አሉ።

የሂሩት እጅ ትከሻዬ ላይ ከበደ። አባባ የተሳሳቱ መሰለኝ፤ ጉሮሯቸውን ጠርገው እስኪያርሙት ጠበቅሁ። አላረሙትም። ሽማግሌዎቹ እውነቱን ስለነገሩን እግዜር ይስጥልን አሉ። እንደ እርስዎ ያለ ሰው የለም ብለውም መረቋቸው። ተመካክረን እንመለሳለን አሉና ሻያቸውን ሳይጨርሱ ሄዱ። ሂሩት ቀሚሷን ቀይራ ሳንባውን እሳት ላይ ጣደች።

ዳንኤል ኮፒ ሊያስደርግ አንድ ጊዜ መጣ፤ ምን እንደተባባሉ አላውቅም፣ ሂሩት ጁስ ቤት አልወሰደችኝም። ከዚያ በኋላ አልመጣም። ወሬው ግን ሰፈሩን ሞላው። በዘራቸው የሚጥል አለ ተባለ፤ ሃምሳ አለቃ ራሳቸው የተናገሩትን ማን ይጠራጠራል? ጓደኛዬ እናቷ ከኔ ጋር ገመድ እንዳትዘል ከለከለቻት። እናቴ ከዱከም መጥታ ከአባቷ ጋር በሩን ዘግተው ተጨቃጨቁ። ስትወጣ ዓይኗ አብጦ ነበር፤ የኔንም ልጅ ደም ነው ያበላሹት ስትል ሰማኋት።

ያኔ ግራ ገባኝ። ሂሩት ጠባሳ ነኝ ብላኛለች፤ አባባ ደም ነው ብለዋል። አባባ ደግሞ ነውር አይደብቁም። ስለዚህ እኔም እወድቃለሁ ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ራሴን ሲሚንቶ እንዳይመታኝ ፍራሽ ላይ ተጋድሜ መውደቄን እጠብቅ ነበር። ሂሩት አንድ ከሰዓት በኋላ እንዲህ ሆኜ አገኘችኝ። ምን እንደምሠራ ስነግራት ጫማዋን አውልቃ አጠገቤ ተጋደመች። አባባን ያን ቀን ጠላኋቸው። ኋላም ጠልቻቸው አልዘለቅሁም፤ ይህም ራሱ ያናድደኛል።

ክረምት ሊገባ ሲል ከባቱ አንድ ሰውዬ ሴት ውሻውን በፒክአፕ ጭኖ መጣ። ሻምበልን አይቶ ፊቱ ጠቆረ። እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጫለሁ፣ ሂሩት ባልዲና መጥረጊያ ይዛ የሸጋን ቤት ታጥባለች። አባባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"መጀመሪያ ነውሩን ልንገርህ" አሉ። "ጆሮውን የቆረጠው ሽቦ ነው። እግሩን የሰበረው ባጃጅ ነው። ይህ..."

የሂሩት መጥረጊያ ቆመ። አባባ አይተዋት ቃሉ አፋቸው ላይ ቀረ። ሰውየው አንዴ እሳቸውን አንዴ ውሻውን እያየ ጠበቀ።

"ይህ ምን?" አለ በመጨረሻ። "ከዘሩ ነው እንዴ?"

ሂሩት ቀና ሳትል፣ ለሰውየው፣ ረጋ ብላ ተናገረች።

"ጠባሳ ነው፤ አያስቡ። ጠባሳ አይወረስም።"

ከዚያ ባልዲውን ደፋችው። በረኪናው በሲሚንቶው ላይ ወርዶ የአባባ ጫማ ሥር ገባ። እግራቸውን አላነሱም።